ከአባ ይርጋ ኮምፒዩተር ያጠፋሁት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ፣ «ሞራ፣ እናቴ ድሮ ቤታችን እየመጣሽ ማሕሼቭ ታክሚ ነበር ትላለች፤ እውነት ነው?» አለችኝ። ሞራ በዕብራይስጥ መምህርት ማለት ነው፤ ማሕሼቭ ደግሞ ኮምፒዩተር። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «ምኑን ነበር የምታክሚው?» አለ ሌላው።

በነታንያ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ማስተማር ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ተማሪዎቼ በስልክ ያደጉ ናቸው። ሳሎን ጥግ ላይ በዳንቴል የተሸፈነ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ የሆነ፣ ሲበራ እንደ አሮጌ አውቶቡስ የሚያጓራ ኮምፒዩተር አያውቁም። በሁለት ዓረፍተ ነገር መለስሁላቸውና ወደ ትምህርቱ ተመለስን። ቤት ስገባ ግን ነገሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደማይበቃው ገባኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጻፈው።

ከሠራዊት እንደወጣሁ ዶራ በሚባለው የነታንያ ሰፈር፣ ኮምፒዩተር የሚጠግኑት ጋሽ ማሩ ዘንድ ተቀጠርሁ። ጋሽ ማሩ በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት መካከል ናቸው። መጀመሪያ ሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ካርቶን ያሽጉ ነበር። የመጋዘኑ ኮምፒዩተር በተበላሸ ቁጥር ሥራ ይቆማል፤ ሌሎቹ ሲጋራ ለማጨስ ሲወጡ እሳቸው ከቴክኒሻኑ ጀርባ ቆመው ያያሉ። እንዲህ እያዩ ተማሩ። ከዓመታት በኋላ ከአንድ ሕንፃ ሥር፣ በፀጉር አስተካካይና በሱፍ መሸጫ መካከል፣ እጅ ዘርግተው ሁለቱን ግድግዳ የሚነኩበት ጠባብ ሱቅ ከፈቱ። ደመወዜ የአውቶቡስና የኮሌጅ ወጪዬን ይችል ነበር፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የምናፍቀው ሌላ ነው። የባሕሩ እርጥበት ያዛጋቸውን ብሎኖች ስንፈታ የሚሰማው ጩኸት፣ በቀለም ብሩሽ የምንጠርገው አቧራ፣ ጋሽ ማሩ ማሽን ሲከፍቱ እንደ ሐኪም «እስቲ እንይህ» ሲሉት።

አብዛኛው ሥራችን በሰው ቤት ነበር። ሕመሙም በአመዛኙ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የማስታወቂያ ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ጨዋታ ወይም ነፃ የሙዚቃ ማጫወቻ ስታወርዱ በጀርባው ታዝሎ ይገባና ያልጠራችሁትን ገጽ እየከፈተ ያስጨንቃችኋል። ሁለተኛው ሰላይ ነው። ይህ አይጮህም። ዝም ብሎ ተቀምጦ የት እንደገባችሁና ምን እንደጻፋችሁ እየመዘገበ ወደማታውቁት ቦታ ይልካል። ሰብሮ የገባ ብዙ አላየሁም። አብዛኛው የገባው የቤቱ ሰው ሳያነብ «እሺ» የሚለውን ስለተጫነ ነው።

ጋሽ ማሩ ሰው ቤት ሲገቡ በኮምፒዩተሩ ወንበር ላይ አይቀመጡም። ወንበሩን ለባለቤቱ ይሰጡና ለራሳቸው በርጩማ ይጠይቃሉ። ከዚያ የኢንተርኔቱን ገመድ ይነቅላሉ። «በመጀመሪያ አፉን እንዝጋው» ይላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ከመስመር ጋር እስከተያያዘ ድረስ እናንተ አንዱን ስታጠፉ እሱ ሌላውን ያወርዳል። ቀጥሎ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍተው በገቡበት ቀን ያሰልፏቸዋል። ይህን የተማርሁበትን ቤት አልረሳውም።

ወይዘሮ ብርቄ የምትባል የዶራ ሴት ነበረች። የገጹን ራስጌ አምስት የፍለጋ መስመር ተደራርቦ ስለያዘው፣ ጽሑፉ የሚታየው በበር ስንጥቅ የሚያዩት ያህል ነበር።

«ማን ነው የሚጠቀምበት?» አሏት ጋሽ ማሩ።

«ማንም አይነካውም፤ ዝም ብሎ ታመመ እንጂ።»

ዝርዝሩን በቀን አሰለፉት። ስድስት ፕሮግራሞች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ገብተዋል። «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማን ነበር እዚህ የተቀመጠ?»

ብርቄ ባሏን አየችው። ባሏ ጣሪያውን አየ። «ካርታ ብቻ ነው የተጫወትሁ» አለ።

«ወይ ጉድ! ወገቤን ብለህ ከሥራ የቀረህ ዕለት!»

«ታዲያ ካርታ በወገብ ነው እንዴ የሚጫወቱት?»

ጋሽ ማሩ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያም፣ «ብርቄ፣ ሰውየውን ተይው። እኛ የመጣነው ቀኑን ፈልገን ነው፤ ቀኑ ተገኘ» አሏት። አብረው የገቡትን ስድስቱን ፕሮግራሞች አብረው አስወጧቸው። ብዙ ቴክኒሻን እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እሳቸው ግን ገጹ ላይ ያሉትን የኢንተርኔት መክፈቻ ምልክቶች አንድ በአንድ ከፍተው የአድራሻውን ጭራ ያያሉ፤ እዚያ ተለጥፎ የሚቀር የማስታወቂያ አድራሻ አለ። ቀጥሎ የተነቀለውን በሰዓቱ መልሶ የሚተክል የተደበቀ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩን ያያሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ደንበኛ ደግሞ ሲደውል አይወዱም ነበር።

አንድ ልማዳቸው ግን ያሰለቸኝ ነበር። ማንኛውንም ነገር ከማጥፋታቸው በፊት ስሙን ጮክ ብለው ያነቡና ባለቤቱን ይጠይቃሉ። «ይህን ታውቁታላችሁ? ይህንንስ?» ሠላሳ ስም ካለ ሠላሳ ጊዜ። እኔ ነገርን አሰልፎ ቶሎ መጨረስ የምወድ ሰው ነኝ። አንድ ቀን፣ «ጋሽ ማሩ፣ የቫይረስ መፈተሻው ያውቀዋል እኮ፤ ለምን እንጠይቃቸዋለን?» አልኋቸው።

«መፈተሻው ፕሮግራሙን ያውቃል። ቤቱን አያውቅም» አሉኝ።

በሦስተኛው ዓመቴ ጋሽ ማሩ ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገቡ። በዚያው ሳምንት ወርቄ የምትባል ሴት ራማት የዲዲም ከሚባለው ሰፈር ደወለች። የአባቷ የአባ ይርጋ ኮምፒዩተር ታሟል። አባ ይርጋን በስም ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ትውልድ ቆጣሪ ናቸው። በእኛ ዘንድ ወንድና ሴት ልጅ ከመተጫጨታቸው በፊት በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል። በዚያ ውስጥ ዘመድ ሆነው ከተገኙ ጋብቻው ይቀራል። የነታንያ ሽማግሌዎች ቆጠራው ሲቸግራቸው የሚሄዱት ወደ እሳቸው ነበር።

ስገባ ኮምፒዩተሩ በእኩለ ቀን ነጠላ ለብሷል።

«ምነው ሸፈናችሁት?» አልሁ።

ወርቄ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን ላድርግ፣ እርቃኗን ሴት ያመጣል። ትናንት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ብቅ አለች» አለችኝ።

«እኔ አልጠራኋትም» አሉ አባ ይርጋ ከሶፋው ላይ።

«አባባ፣ የተጫኑት ነገር ነበር?»

«ጠየቀኝ፤ እሺ አልሁት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ እሺ አልሁት። የጠየቀን ሰው ዝም ይሉታል?»

ወርቄ ወደ ሥራዋ ሄደች። ገመዱን ነቀልሁ፤ ነገር ግን የአንዳንዱ ማስታወቂያ ሥዕል በማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር አሁንም ብቅ ይላል። እኒያን ከሚያህሉ አባት ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ እንዲህ ያለ ሥዕል ማየት እንዴት ይቻላል? ያደግሁበት ወግ አልፈቀደልኝም። «አባባ፣ ታች ወርደው ነፋስ ቢቀበሉ ይሻላል፤ ስጨርስ እጠራዎታለሁ» አልኋቸው። ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። ልጠይቃቸው የሚገባኝን አንድ ሰው እንዲህ በአክብሮት ከክፍሉ አስወጣኋቸው።

መፈተሻውን አስነሳሁት። ከአርባ በላይ ስም አወጣ። ከሁሉ በላይ በቀይ የተጻፈው፣ የሚመታውን እያንዳንዱን ቁልፍ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ነበር። ሰላይ ማለት ይኸው ነው ብዬ «ሁሉንም አስወግድ» የሚለውን ተጫንሁ።

ያ ፕሮግራም ምን እንደነበር አሁን ላስረዳ። አሮጌ የአማርኛ መጻፊያ ነበር። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በቁልፍ ሰሌዳውና በገጹ መካከል ተቀምጦ የምትመቱትን ላቲን ፊደል ይይዝና ወደ ሀ ወይም ወደ ለ ይለውጠዋል። ቁልፍ ስለሚይዝ መፈተሻው ከሰላይ አይለየውም። የጥንቶቹ ደግሞ የሚሠሩት ፎንት ከሚባለው ከራሳቸው የፊደል ቅርጽ ጋር ነው፤ ፕሮግራሙ ሲነቀል ቅርጹም አብሮ ይሄዳል። እኔ ይህን አላወቅሁም። የአባ ይርጋን ሰነዶች ለማየት አንዱን ስከፍት የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክትና ነጥብ ተደበላልቆ ተሰልፏል። ሌላውን ከፈትሁ፤ ያው ነው። ተባዩ ሰነዶቹን አኝኮ ጨርሷቸዋል አልሁ። ፎቶግራፎቹን ወደ ፍላሽ ገለበጥሁ፤ የተበላሹ የመሰሉኝን ሰነዶች ግን በሽታውን ይዘው እንዳይመጡ ብዬ ተውኋቸው። ከዚያ ዲስኩን ባዶ አድርጌ አዲስ ሲስተም ጫንሁበት።

አባ ይርጋ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ማሽኑ ወዲያው ተከፈተ። «እንዴት ፈጠነ! ተባረኪ ልጄ» አሉ። ዓይናቸው ገጹ ላይ የሆነ ነገር ይፈልግ ነበር። እኔ ግን ደስ ያላቸው መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ወርቄ በር ላይ ቆማለች።

«አንቺ፣ የአባቴን ጽሑፍ የት አደረግሽው?»

«የትኛውን ጽሑፍ?»

«አራት ዓመት በሁለት ጣቱ የጻፈውን ነዋ! ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።»

በርጩማ ሰጠኋት። ተቀምጣ ነገረችኝ። አባ ይርጋ መርሳት ጀምረዋል፤ ሐኪሙ እየባሰ እንደሚሄድ ነግሯቸዋል። የዛሬ አራት ዓመት ይህን እንደሰሙ አንድ የሰፈር ሰው የአማርኛ መጻፊያውን ጫነላቸው፤ የሚያውቁትን ትውልድ ሁሉ፣ የየቤቱን፣ ሳይረሱት መጻፍ ያዙ። በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ደግሞ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሲጋል የምትባል ነርስና ኤላድ የሚባል መሐንዲስ ሊተጫጩ ነው፤ ቆጠራው በአባ ይርጋ እጅ ነው። ሁለቱ ልጆች መልሱን እየጠበቁ ነው።

ጋሽ ማሩ አንድ ዓይናቸው እንደተሸፈነ መጡ። አልተቆጡኝም። «ማሽኑን ከአሁን በኋላ ማንም እንዳያበራው» ብቻ አሉ። የጠፋ ሰነድ ወዲያው አይጠፋም፤ ሌላ ነገር በላዩ እስኪጻፍ ድረስ በቦታው ይተኛል። እኔ ግን ሲስተም ጽፌበታለሁ። ዲስኩን አውጥተው ከሌላ ማሽን ጋር አያያዙትና ሦስት ቀን ለቀሙ። በሦስተኛው ቀን ጥቂት ገጾች ወጡ። ያው ቅንፍ፣ ያው የዶላር ምልክት።

«ይኸው፣ ተበላሽቶ ነበር እኮ» አልሁ። ትንሽ እፎይ ማለት ፈልጌ ነበር።

ጋሽ ማሩ ገጹን በአንድ ዓይናቸው ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ መሳቢያ ሙሉ አሮጌ ሲዲ አገላብጠው አንዱን አወጡና ያንኑ መጻፊያ ጫኑት። ገጹን ሙሉ መርጠው የፊደሉን ቅርጽ ቀየሩ። «አሁን አንብቢ» አሉኝ።

«ገብሬ ቢተውን ወለደ። ቢተው ፈንታን ወለደ። ፈንታ ሦስት ወለደ፤ ሁለቱ በመንገድ ቀሩ።»

ገጹ ላይ አንዲትም ምልክት አልተበላሸችም ነበር። እኔ ያጠፋሁት ማንበቢያውን ነው፤ ማንበብ ስላልቻልሁም ጽሑፉን ጣልሁት። ጋሽ ማሩ ሻይ ሊገዙ ወጡ። እንባዬን እንዳያዩ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ሻይ አይጠጡም ነበር።

ከጽሑፉ ሁለት ሦስተኛው ያህል ተገኘ። የቀረው አዲሱ ሲስተም ሥር ተቀብሯል። ከጠፋው መካከል የሲጋል እናት ወገን ነበረበት፤ ከአምስተኛው ትውልድ በላይ ያለው የለም።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ማሩ፣ «አብሬሽ እሄዳለሁ፤ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ» አሉኝ። የተገኙትን ገጾች አትመን ሄድን። ክፍሉ ሞልቷል፤ አራት ሽማግሌዎች፣ የሁለቱ ልጆች አባቶች፣ በሩ አጠገብ ሲጋልና ኤላድ። ንግግር መሐል መግባት ነውር ነውና በር ሥር ተቀምጬ ተራ ጠበቅሁ። ቆጠራው ተጀመረ። የኤላድ ወገን በሙሉ ወጣ። የሲጋል አባት ወገን ወጣ። በእናቷ በኩል አባ ይርጋ አምስተኛው ላይ ደርሰው ቆሙ። ወረቀቱን አገላበጡ።

«አላውቅም» አሉ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እየሳቀ፣ «ምነው ይርጋ! አንቱም እንደኛ ጃጁ?» አለ።

«አረጀሁ» አሉ አባ ይርጋ። ወርቄ ሁሉን ነግራቸዋለች፤ ማን እንዳጠፋው ያውቃሉ። ወደ እኔ ግን አላዩም። የሲጋል አባት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያች ቀን በኋላ ማንም ወደዚያ ቤት ለቆጠራ እንደማይመጣ ታየኝ።

ተነሣሁ። «አባ ይርጋ አልረሱም» አልሁ። «እንዳይረሱት በጽሑፍ አስቀምጠውት ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«የሚያጠፋው ቫይረስ አይደለም እንዴ?» አለ ያው ሽማግሌ።

«ቫይረስ አይደለም። ምን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው አጠፋሁት።»

የኤላድ አባት ብድግ አለ። «እኛ እኮ አዳራሽ ይዘናል! ሰው ጠርተናል! አሁን ምን ልንል ነው፣ አንዲት የኮምፒዩተር ቴክናይት አጠፋችው እንበል?»

ሲጋል አላለቀሰችም። «አንቺ ነሽ?» ብቻ አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኋት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ የከበደኝ የለም።

አባ ይርጋ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ልጅቱን ተዋት! እሺ፣ እሺ እያልሁ በሩን የከፈትሁት እኔ አይደለሁም?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ቁመሽ አትቅሪ። ማሕሼቩን አምጪና ጻፊ። አምስቱ አለን፤ ሁለቱን እንፈልጋለን።»

ፈለግን። በየከተማው ያሉ አሮጊቶች ዘንድ ተደወለ። ስድስተኛውን ሩቅ ካለ ከተማ አንዲት ጆሯቸው የከበደ እናት፣ ልጃቸው ጆሯቸው ሥር እየጮኸችላቸው ነገሩን። ሰባተኛው እስኪገኝ ሁለት ወር አለፈ፤ ሠርጉም ተላለፈ። በመጨረሻ ልጆቹ ዘመድ አለመሆናቸው ታወቀና ተጋቡ። እኔም ተጠርቼ ሄድሁ። የኤላድ አባት ግን በሁለት ጣቱ ነው የጨበጠኝ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ዓርብ ዓርብ ጠዋት ራማት የዲዲም እሄድ ነበር። አባ ይርጋ ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። በመሐል መስኮት ብቅ ሲል ቆም ብለን እናየዋለን፤ የትኛውን እሺ እንደሚሉ፣ የትኛውን በጥጉ ምልክት እንደሚዘጉ አስረዳቸዋለሁ። «ይኼስ እንግዳ ነው ወይስ ሌባ?» ይሉኛል። ቀስ በቀስ ራሳቸው መለየት ጀመሩ፤ አንዱን በትክክል የዘጉ ቀን ወርቄን ከወጥ ቤት ጠርተው አሳዩአት። ማስተማር እንደምወድ ያወቅሁት እዚያ ነው። ትዝታቸው ግን እኛ ከምንጽፈው ፈጥኖ ይሸሽ ነበር። አንድ ቀን የሰጡኝን ስም በሚቀጥለው ዓርብ ከሌላ ጋር ያምታቱታል። እርግጠኛ ያልሆንንበትን መስመር ባዶ ተውነው።

የሱቁ ሥራ እየቀነሰ መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ ዞረ፤ የሳሎን ኮምፒዩተሮችም አንድ በአንድ ከሕንፃው በታች ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ተጣሉ። ጋሽ ማሩ ጡረታ ወጡ። ሱቃቸው ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ስምንት ዓመት የሠራሁበት በር ነውና ሳልፍ ጎራ እላለሁ፤ የሚሸጠው ወጣት ሽፋን ልገዛ የመጣሁ ይመስለዋል።

አባ ይርጋ አርፈዋል። ወርቄ ጽሑፉን እኔም ዘንድ እንዲቀመጥ አደረገች፤ በሦስት ቦታ ቅጂ አለው። አሁን ልጆቻቸውን የሚድሩ ሰዎች ለእኔ ይደውላሉ። ትውልድ ቆጣሪ አይደለሁም፤ ያለውን አነባለሁ እንጂ። ባዶ መስመር ላይ ስደርስ፣ «የቀረውስ?» ይላሉ። «የቀረውን አባ ይርጋ ጽፈውት ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ። ይህን በደወሉልኝ ቁጥር ነው የምለው። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ አመስግኖ ይዘጋል።

ባለፈው ወር አንዲት የሙሽራ እናት ደወለች። ሁለት ባዶ መስመር ገጠመን። ያንኑ ነገርኋት። እሷም፣ «እንግዲያው ያጠፋሽው አንቺ ከሆንሽ አንቺው ፈልጊዋ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ዓርብ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አውቶቡስ ይዤ ያን ወገን ያውቃሉ የተባሉ አንዲት አሮጊት ዘንድ ሄድሁ። ሰንበቱ፣ ሻባት፣ ሊገባ አንድ ሰዓት እስኪቀረው ድረስ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ስለ አገር ቤቱ ወንዝ ነገሩኝ፤ ስለ አንዲት በቅሎ ነገሩኝ፤ ሁለት ጊዜ አንቀላፉ። ልነሣ ስል አንድ ስም ተናገሩ፣ ከነአባቱ። ጻፍሁት።

አሥራ አንድ ባዶ መስመር ይቀራል።